ምንይሉ እና የቶራ መርከብ

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከፌርፋክስ ሰፈር ተነስቶ በኦሊምፒክ መንገድ ወደ ምዕራብ የነዳ ሰው፣ ትራፊክ ካልያዘው፣ ብዙም ሳይቆይ ውቅያኖሱ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። ምንይሉ ይህን መንገድ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ ታክሲ ነድቶበታል። በኋላም ከሰፈሩ ምግብ ቤቶች ጀርባ ባለው ፓርኪንግ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ፣ “ባሕሩ በየት በኩል ነው?” ብሎ የጠየቀውን እንግዳ ሁሉ በእጁ እየጠቆመ ሸኝቷል። እሱ ራሱ ግን ባሕሩን አያይም ነበር። ባለቤቱ ሠናይት ከማኅበር ጓደኞቿ ጋር ወደ ሳንታ ሞኒካ መውጣት ስትፈልግ ይወስዳታል፤ ፓርክ አድርጎ፣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ከተማው አዙሮ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ይጠብቃታል።

“ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ጀርባውን ይሰጣል?” ትለዋለች፣ አሸዋውን ከእግሯ እያራገፈች።

“የድርሻዬን አይቻለሁ” ይላታል።

እውነቱን ነው። ምንይሉ ባሕረኛ ነበር።

ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ሰው ነው፤ ከሐይቅ በቀር ሰፊ ውኃ ሳያይ ጎረመሰ። ባሕር ኃይል ሠልጣኝ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ ተመዘገበና ከእኩዮቹ ጋር ወደ ምፅዋ ወረደ። አውቶቡሱ ከአሥመራ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ቆይቶ፣ ጉሙ ከፈት ሲል፣ ከታች አንድ ሰማያዊ ነገር ተዘርግቶ አየ። ሰማዩ ታጥፎ ከእግሩ ሥር የተነጠፈ መሰለው። አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ጎሸም አድርጎ “ያ ምንድን ነው?” አለው። ልጁም አያውቅም ነበር።

ባሕር ኃይሉ ሲቋቋም ከኖርዌይ የመጡ መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። ምንይሉ ሲደርስ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂቶች ቀርተዋል። ከቀሩት አንዱ ኮማንደር ሃልቮር ናቸው። የምፅዋ ፀሐይ ፊታቸውን ዓመቱን ሙሉ አቅልቶት ስለሚኖር ሠልጣኞቹ በሹክሹክታ “ኮማንደር ቲማቲም” ይሏቸዋል። ቀን ቀን ቁጡ ናቸው። ገመድ በስንፍና የቋጠረ ወጣት ካዩ፣ ቋጠሮውን ፈትተው ገመዱን እግሩ ሥር ይጥሉበታል። አመሻሹ ላይ ግን፣ የመርከቡ ብረት ቀዝቀዝ ሲልና መልሕቅ ተጥሎ ሁሉም ጋብ ሲል፣ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ወጣቶቹን ዙሪያቸው አስቀምጠው፣ አያታቸው ስለሠሩባቸው የሸራ መርከቦች ይተርኩላቸዋል።

“እኛ ድኾች ነበርን” ብለው ነው የሚጀምሩት።

ይህ ምንይሉን ይገርመው ነበር፤ ድኻ ፈረንጅ መኖሩን አስቦት አያውቅም። ተራራው ድንጋይ፣ እርሻው ከመሐረብ የማይሰፋ፣ ታላቅየው መሬቱን ሲወርስ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀሩበት አገር ነበር አሉ። በጸደይ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ቤተሰብ ሙሉ አበባ የተሳለበትን የእንጨት ሣጥን ተሸክሞ ወደ ወደብ ይወርዳል። በሣጥኑ ውስጥ ለወራት የሚበቃ ስንቅ አለ፤ መርከቡ ውኃና ማገዶ እንጂ ምግብ አይሰጥም። ከወለሉ በታች፣ ረጅም ሰው ቀና ብሎ በማይቆምበት ክፍል፣ ካልተላገ ሳንቃ የተሠሩ ተደራራቢ አልጋዎች አሉ፤ በአንዱ አልጋ ላይ ባል፣ ሚስትና ልጆች ተጠጋግተው ይተኛሉ። ከላይ ያለው ምድጃ አንድ ስለሆነ ሴቶቹ ስለ ተራ ይጣላሉ። ማዕበል ሲነሣ ድስቱም፣ ሰዉም፣ ጸሎቱም አንድ ላይ ይገለባበጣል። ቀን ሲቀና ደግሞ አንዱ ቫዮሊኑን ያወጣና በሚወዛወዘው ወለል ላይ ይጨፍራሉ። መርከቡ ኩቤክ ደርሶ ሰዎቹ ሲወርዱ፣ አልጋዎቹ ይነቀሉና በቦታቸው የካናዳ ግንድ ይጫናል።

“ሲሄዱ ሰው፣ ሲመለሱ እንጨት” ይላሉ ኮማንደሩ። “አያቴ ሲመለሱ በግንዱ መሐል ይተኙ ነበር። የሕፃናት ለቅሶ ከእንጨቱ ውስጥ ይሰማኝ ነበር ይሉን ነበር።”

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። “ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተቀምጠው የወጡበትን አገር ይፈልጋሉ። ልጆቹ ከፊት ቆመው የሚገቡበትን አገር ይፈልጋሉ። መርከቡ ላይ የሚወለዱት ደግሞ በጀርባቸው ተኝተው ሸራውን ብቻ ያያሉ።”

ምንይሉ ልብሱ በላብ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ስለ ጉምና ስለ በረዶ ተራራ ይሰማ ነበር። ድካምና ወሬ ይደባለቅበታል። ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ቀይ ባሕር ይጠፋና፣ ነጭ ሸራ የለበሰ ረጅም መርከብ በዝምታ በአጠገቡ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ቆመው ያዩታል። አንዷ እጇን ያነሣችለት ይመስለዋል።

ዓመታት አለፉ። ኮማንደር ሃልቮር ወደ አገራቸው ሄዱ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ምንይሉም በዚያው ባሕር ላይ ጎልማሳ ሆነ። ባሕር ኃይሉ የተበተነ ጊዜ አሰብ ነበር። መርከባቸው የቻለችውን ያህል ሰው ጭና ወደ የመን ተሻገረች። እዚያ ባሕረኞቹን አውርደው ወደ መጠለያ ወሰዷቸው። መጠለያው ከፍታ ላይ ስለነበረ መርከቧ ከሩቅ ትታያለች። ነዳጅ የላት፣ ሰው የላት፣ ዝገቷን የሚፍቅላት የላት። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ወደ አንድ ጎኗ ታዘነብላለች። ምንይሉ ጠዋት ጠዋት ወጥቶ ያያት ነበር። አንድ ቀን ሲወጣ ከውኃው በላይ የቀረው ምሰሶዋ ብቻ ነበር።  ለማንም አልተናገረም። ፊቱን አዞረ፤ አሜሪካ ገብቶም፣ ሠናይትን አስመጥቶም፣ እንደዞረ ኖረ።

እነ ምንይሉ ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ባለ አንድ አሮጌ ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንት ላይኛው ቤት ይኖራሉ። ከእነሱ በታች ያሉት ጎረቤት ሚስስ ኢንግሪድ ይባላሉ። ብዙ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁመተ ረጅም፣ ሳቃቸው ደረጃውን አልፎ ላይ ቤት የሚሰማ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው ቀስ በቀስ ደክሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ምንይሉ ቆሻሻቸውን ያወጣላቸዋል፤ ሠናይትም አለፍ ገደም እያለች ሾርባ ታወርድላቸዋለች።

ባለፈው ዓመት፣ የበጋው ሙቀት አልፎ ደረቁ የበረሃ ነፋስ ከተማውን ሲያምስ፣ ሚስስ ኢንግሪድ በራፋቸው ላይ ለጥላ የወጠሩት ሸራ ተገንጥሎ አጥሩ ላይ ተጠመጠመ። ምንይሉ ከሥራ ሲመለስ አይቶ፣ መሰላል አምጥቶ መልሶ ወጠረላቸው። ወርዶ ሊሄድ ሲል አሮጊቷ ከወንበራቸው ተነሡና ግድግዳውን እየዳሰሱ ገመዱን አገኙት። ጣቶቻቸው ቋጠሮው ላይ ቆሙ። ዞር አድርገው ዳሰሱት፣ እንደገና ዳሰሱት።

“ይህን ማን አስተማረህ?”

“አንድ ኖርዌጂያዊ።”

ሚስስ ኢንግሪድ ሳቃቸውን ለቀቁት። “እኔን ደስ ይበላት ብለህ ነው?”

“ኧረ ምን በወጣኝ! ኮማንደር ሃልቮር የሚባሉ ነበሩ። ምፅዋ። ባሕር ኃይል ነበርኩ።”

ሳቁ ቆመ። አሮጊቷ ቋጠሮውን ሳይለቁ “ተቀመጥ” አሉት። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ምንይሉ ግን ሚስስ ኢንግሪድን ሲያናግር በልቡ አንቱ ይላቸዋል። እንደታዘዘ ተቀመጠ።

“የአባቴ ወገኖች ኖርዌጂያን ናቸው” አሉ። “አንዷ ግን አይደለችም። ኖርዌይ አልተወለደች፣ አሜሪካ አልተወለደች። ቅድመ አያቴ ቶራ ባሕር ላይ ነው የተወለደችው።”

እናም የቶራን ነገር አጫወቱት። እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና ነው ከባሏ ጋር በርገን ላይ የተሳፈረችው፤ ሳልወልድ እደርሳለሁ ብላ ነበር። መንገዱ ግን ረዘመ። በመጀመሪያ ማዕበል መታቸው። በኋላም፣ የአሜሪካ ዳርቻ ሳይደርሱ ጉም ወረደና ነፋሱ እስትንፋሱ ቆመ። ሸራው እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምጡ የያዛት በዚያ መሐል ነው። መርከቡ ሙሉ ዝም አለ። ሴቶቹ ምድጃው ላይ መጣላቱን ተዉት፤ ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው በእግር ጣታቸው ሄዱ። ሕፃኗ ወጥታ ስታለቅስ፣ እናቷ ዕድሜ ልኳን እንደማለችው፣ ሸራው ተሞላ። ካፒቴኑም የመርከቡን ስም ሰጣት፤ መርከቡ ቶራ ይባል ነበር።

“እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ደርሼባታለሁ” አሉ ሚስስ ኢንግሪድ። “በጣም አርጅታ ነበር። ሚኒሶታ፣ ዙሪያው ሁሉ ስንዴ፣ ባሕር የሚባል ነገር የለም። አልጋ ላይ እንቅልፍ አይወስዳትም። የምታንቀላፋው ተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ነው፤ እኔን ጭኗ ላይ አድርጋ። አወዛወዟ የሌላ ሰው አይመስልም። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ለማንም አልገባም።”

ምንይሉ ያን ቀን ደረጃውን በዝግታ ወጣ። ኮማንደር ቲማቲም ከስንት ዓመት በኋላ ፊቱ ተደቅነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያወጉ ነበር። እሱ የኮማንደሩን ታሪኮች ያወራል፤ እሳቸው ቶራ ከእናቷ ሰምታ የነገረቻቸውን ይጨምሩበታል። አንዳንዱ ይገጥማል፣ አንዳንዱ አይገጥምም። ሴቶቹ በበሽታ ጊዜ ክፍሉን በጥድ ጭስ ያጥኑት እንደነበር ሁለቱም ሰምተዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሚስስ ኢንግሪድ እንዲህ አሉት፦

“ልጄ በክረምት መጥታ ወደ ሚኒሶታ ትወስደኛለች። ብቻዬን መኖር አልችልም፤ እውነቷን ነው፣ አልከራከራትም። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ጊዜ፣ በሸራ በሚሄድ መርከብ ውስጥ መተኛት እፈልጋለሁ። ሳን ፔድሮ ወደብ ሰው ይዞ የሚወጣ አለ ብለውኛል። ልጄን ስነግራት፣ ‘እማ፣ ዓይንሽ አያይ፣ ምን ልታዪ ነው?’ አለችኝ። ትወስደኛለህ?”

ምንይሉ ቶሎ መለሰ። “ሌላ ሰው ይውሰድዎት። እኔ አልችልም።”

“ሥራ ስላለህ ነው?”

“አይደለም።”

አሮጊቷ አልጠየቁም። “ኦኬ” አሉ ብቻ።

ሠናይት ይህን ስትሰማ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። “እኔ ሠላሳ ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከኝ ሳያንስ፣ ዓይነ ስውር አሮጊትን እምቢ ትላለህ? ምን ነካህ አንተ ሰው?”

“ሠኒ፣ ተይኝ።”

“ትቼህ ነው የኖርኩት!” አለችና ቢላዋውን አነሣች። እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ አልታወቀም።

በማግስቱ ምንይሉ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ምሳ በልቶ፣ ቴሌቪዥኑ እየተንሾካሾከ፣ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ቶራ ላይ ነበር። ጉሙ እንደ ጥጥ ዙሪያውን ከቦታል። ምድጃው ዘንድ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ መሐላቸው ሠናይት ሻሽ አስራ ድስቷን ይዛ፣ “ተራው የኔ ነው!” ትላለች፣ በአማርኛ፤ ሁሉም ይሰሟታል። ኮማንደር ሃልቮር ቫዮሊን ይመታሉ፣ ድምፅ ግን የለውም። ምንይሉ ወደ ጠርዙ ሄዶ ቁልቁል ሲያይ፣ የእሱ መርከብ ከውኃው ሥር፣ ዝገት ያልነካት፣ አዲስ ቀለም እንደተቀባች፣ ከቶራ እኩል ትሄዳለች። ጥላዋ ትመስላለች። ከሥር ሆና ላይኛዋን የተሸከመቻት ይመስላል። አልፈራም። እጁን ዘርግቶ ውኃውን ሊነካ ሲል ነቃ።

ፊቱን ታጥቦ ወደ ታች ወረደና የሚስስ ኢንግሪድን በር አንኳኳ።

“ሳን ፔድሮ መቼ ልውሰድዎት?” አላቸው።

ነገሩ የሠናይትም ሆነ። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይወጣም ብላ ተነሣች። “ሰዎቻቸው ምን ይዘው ነበር የሚሳፈሩት?” ብላ ምንይሉን ወደ ታች ላከችው። ተመልሶ ነገራት፤ የደረቀ ሥጋ፣ ስስ ደረቅ ቂጣ፣ ጨው የበዛበት ዓሣ፣ የደረቀ አይብ።

“ታዲያ ቋንጣና ቂጣ ነው በለኛ!” አለች እየሳቀች። “ይኼማ የኛው የዘማች ስንቅ ነው።” በሶም ጨመረችበት፣ ዳቦ ቆሎም ጨመረችበት፤ ዓሣውን ግን ተወችው።

ጥርት ባለ የቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም በዋን ቴን አውራ ጎዳና ወደ ሳን ፔድሮ ወረዱ። የወደቡ ክሬኖች መታየት ሲጀምሩ ምንይሉ መሪውን አጥብቆ ያዘ። መርከቧ ባለ ሁለት ምሰሶ፣ የእንጨት፣ ከትልልቆቹ የጭነት መርከቦች አጠገብ መጫወቻ የምትመስል ነበረች። ካፒቴኗ ዳና የምትባል፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ነገረ ሥራዋ ሁሉ የረጋ ሴት ናት። ሚስስ ኢንግሪድን በሁለት እጇ ተቀብላ አሻገረቻቸው። ሠናይት “በስመ አብ” ብላ ተከተለች። ምንይሉ መሻገሪያው ሳንቃ ላይ ቆሞ ቀረ። የሬንጅ፣ የእርጥብ ገመድና የጨው ሽታ አንድ ላይ መጣበት። ዓይኑን የጨው ሽታው ሳይሆን አይቀርም ያቃጠለው። ከኋላው ያሉት መንገደኞች ጠበቁት። ከዚያ ተሻገረ፤ እግሩ ወለሉን ሲነካ፣ ማንም ሳያዘው፣ ጉልበቱ ራሱ ለቀቅ ብሎ ከመርከቧ ጋር ተወዛወዘ።

ከወደቡ እስኪወጡ በሞተር ነው የሄዱት። ከማዕበል መከላከያው ግንብ አልፈው ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሚስስ ኢንግሪድ የምንይሉን ክንድ ያዙ።

“ምን ሆነ? ሁሉ ነገር ዝም አለ።”

“ሸራውን ሊከፍቱ ነው።”

“ንገረኝ።”

“ትልቁ እየወጣ ነው… አሁን ይንቀጠቀጣል፣ ገና አልያዘም… ያዘ። ሞላ። ነፍሰ ጡር ሴት ይመስላል።”

ወዲያው አፈረ። አሮጊቷ ግን ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ በማያዩ ዓይኖቻቸው ነጩን ብርሃን እየፈለጉ፣ “እንደሱ ነው መሆን ያለበት” አሉ።

ካፒቴኗ ገመድ የሚጎትቱ ሰዎች ስትጠራ ምንይሉ ሳያስበው ተነሣ። ከማያውቃቸው መንገደኞች ጋር ተሰልፎ ጎተተ፤ መዳፉ ቃጠሎውን አወቀው። ዞር ብሎ ሠናይትን ሲያያት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጠርዙ ላይ ተጠምጥማለች። ከአሸዋው ላይ ሆና ባሕርን የምትወድ ሴት፣ ከላዩ ሆና አልቻለችውም።

“ይህን ነው እንዴ ያን ሁሉ ዓመት የኖርክበት?” አለችው እያቃሰተች።

ወገቧን አቅፎ ያዛት። “ታች ውኃውን አትዪ። ራቅ አድርገሽ እዪ። ሰማይና ውኃ የሚገጥሙባት ያቺ መስመር አትነቃነቅም፤ እሷን እዪ።”

አየች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። ሁለቱም ያቺን መስመር እያዩ ብዙ ቆሙ። ምንይሉ ባሕሩን እያየ መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው። ያው ነበር፤ ሰፊ፣ ሰው የማይጠብቅ፣ በማንም ያልተቀየመ።

ሚስስ ኢንግሪድ ታች ክፍል ገብተው መተኛት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ ካፒቴኗ አልተገረመችም። ምንይሉ እጃቸውን ይዞ ጠባቡን መሰላል አወረዳቸው። ሠራተኞቹ የሚያድሩበት የሳንቃ አልጋ ነበር፤ አሮጊቷ ጫማቸውን አውልቀው በጀርባቸው ተንጋለሉ። እሱ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከሳንቃው ማዶ ውኃው እየተሹለከለከ ያልፋል። እንጨቱ ይንሰቀሰቃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይንሰቀሰቃል። መስኮቷ ላይ አንዴ ሰማይ፣ አንዴ አረንጓዴ ውኃ ይፈራረቃሉ። ጊዜው ምን ያህል እንደሄደ አላወቀም። አሮጊቷ የተኙ መስሎት ነበር።

“ምንይሉ” አሉት። ስሙን አስተካክለው ሲጠሩት ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነው። “ትንሽ ወደፊት ትሄዳለች… ከዚያ ቆም ትላለች… ከዚያ ረጅም፣ ወደኋላ። ይሰማሃል?”

“ይሰማኛል።”

“የቶራ ወንበር እንዲህ ነበር የሚወዛወዘው። ልክ እንዲህ። እኛ አርጅታ ነው፣ ጉልበቷ ከድቷት ነው እንል ነበር። እሷ ለካ ይህን ነው የምታደርገው። የሳምንታት ሕፃን ሆና የለመደችውን።”

 እንባቸው በጆሮአቸው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር። ምንይሉም ሳያስበው አፉ ተከፈተ። ስለ የመን ነገራቸው፤ ስለ ኮረብታው፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስላዘነበለችው መርከብ፣ በመጨረሻም ውኃው ላይ ስለቀረው ምሰሶ። ለሠናይት እንኳ ነግሯት አያውቅም ነበር። ሠናይት ግን መሰላሉ አናት ላይ ቋንጣዋን ይዛ ተቀምጣ፣ እንግሊዝኛውን ሁሉ እየሰማች ነበር።

“ስሟ ማን ነበር?” አሉት ሚስስ ኢንግሪድ።

“በወጉ ቁጥር ነው የነበራት። እኛ ግን ፀዲ እንላት ነበር።”

“ፀዲ ማን ናት?”

“ማንም አያውቅም። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች ናቸው ያወጡላት። የአንዱ እኅት ትሁን፣ የአንዱ ፍቅረኛ…”

“ፀዲ” አሉ አሮጊቷ፣ በሚቸገር አፋቸው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። “ፀዲና ቶራ።”

ሠናይት ያን ጊዜ ስንቋን ይዛ ወረደች። የባሏን ትከሻ ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ቋንጣውን በትንሹ እየቆረሰች ለሚስስ ኢንግሪድ አጎረሰቻቸው። አሮጊቷ በበርበሬው አሳልና ሳቅ ያዛቸው። “ቶራ ይህን አልበላችም!” አሉ። የተረፈውን ላይ ወጥተው ለካፒቴኗና ለመንገደኞቹ አካፈሉት። ዳቦ ቆሎው ከሁሉ ቀድሞ አለቀ።

ሲመለሱ ካፒቴን ዳና ምንይሉን ለብቻው ጠራችው። ቅዳሜ ቅዳሜ መርከቧን የሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች እንዳሉ፣ ገመድ የሚያውቅ እጅ ግን እንደሚያንሳቸው ነገረችው። ምንይሉ “አስብበታለሁ” አላት። ሠናይት በአጠገባቸው ስታልፍ “ይመጣል” አለቻት።

መጣም። በመጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ ሄደ፣ ከዚያ ቀረ፣ ከዚያ ተመልሶ ሄደ። ጉልበቱን ስለሚያመው ምሰሶ ላይ አይወጣም። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያረጁ ገመዶችን ጫፍና ጫፍ ፈትሎ ይቀጥላል። አንዳንዴ ሲሠራ ስለ ኮማንደር ቲማቲም ያወራል፤ የሚሰማው ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ያወራል። ከፓርኪንጉ ሥራ አንዱን ቀን ቀነሰ። ፀዲን በሕልሙ አንድ ጊዜ ዳግመኛ አይቷታል፤ ያኔ ግን ማንንም አልጫነችም፣ ከባሕሩ በታች በራሷ መንገድ ትሄድ ነበር።

የሚስስ ኢንግሪድ ልጅ እንዳለችው በክረምት መጣች። ረጋ ያለች፣ የደከማት ሴት ናት። የእናቷን ዕቃ አብረው ጫኑላት። ሚስስ ኢንግሪድ ሲሰናበቱ ሠናይትን ለረጅም ጊዜ አቀፏት፤ ምንይሉን በሁለት እጃቸው ፊቱን ዳሰሱት፣ ግንባሩን፣ ጉንጮቹን፣ አገጩን። “እንዲህ ነህ ለካ” አሉት። ታችኛው ቤት ከኖርዝ ሆሊውድ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ገቡበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሚስስ ኢንግሪድ ነበሩ። ደህና ነኝ አሉ፤ ልጃቸው ምግብ ጨው አታበዛም፣ የልጅ ልጃቸው ፒያኖ ትማራለች፣ የመኝታ ቤታቸው መስኮት ወደ እርሻው ነው። ከዚያ ድምፃቸው ራቀ።

“እዚህ በረዶው ሁሉን ዝም አሰኝቶታል። ምንም አይንቀሳቀስም። እዚያ ነፋሱ እንዴት ነው?”

ምንይሉ ስልኩን እንደያዘ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ።

“ከባሕሩ ነው የሚመጣው” አላቸው። “ቀስ ያለ ነው። የዘንባባዎቹን ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው። ማዶ ፎቅ ላይ፣ ገመድ ላይ አንድ አንሶላ ተሰጥቷል… አሁን ነፋ አለ። አሁን ወረደ። አንዲት ሴት ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ መንገድ ትሻገራለች።”

“ቀጥል” አሉ ሚስስ ኢንግሪድ።

ምንይሉም ወንበር ስቦ መስኮቱ ሥር ተቀመጠና ቀጠለ።